በደቡብ ፈረንሳይ አንቲክና አሮጌ ዕቃ ለመሸመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፓሪስ፣ ከለንደን፣ ከፍራንክፈርት፣ አንዳንዴም ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ፕሮቫንስ ለመውረድ የሚያስቡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ካልኩ የእነሱ ሰዓት 7 ይላል ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

የቱ ከተማ ይሻለኛል?

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ፤ ከተማው ይከተላል። በደቡብ ፈረንሳይ እያንዳንዱ ገበያ የራሱ ቀን አለው። ሰኞ በአሮጌ ዕቃ የተጥለቀለቀ አደባባይ ማክሰኞ ሄዳችሁ ብታዩት አበባና ቲማቲም ነው የሚሸጥበት። ካርታ ዘርግቶ «እዚህም እዚያም እሄዳለሁ» የሚል ሰው ግማሹን ጊዜ ባዶ አደባባይ ሲያይ ይውላል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ጻፉና ከዚያ ሙሉት።

ሰኞ ከሆነ ኒስ ነው። ኩር ሳሌያ የሚባለው ሌላ ቀን የአበባና የአትክልት ገበያ የሆነው አደባባይ ሰኞ ሰኞ ለአንቲክ ነጋዴዎች ይለቀቃል። ካን ውስጥም የፎርቪል ገበያ እንዲሁ ሰኞ አትክልቱን ትቶ አሮጌ ዕቃ ያስተናግዳል። ሁለቱ ከተሞች በባቡር ቅርብ ስለሆኑ በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፤ ኒስን ግን አስቀድሙ። ኤክስ አን ፕሮቫንስ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤቱ አካባቢ አነስ ያለ ገበያ አላት። አርል በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ቡልቫር ዴ ሊስ ላይ ትዘረጋለች። ቅዳሜ ጠዋት ከአቪኞን ወንዙን ተሻግራችሁ ቪልነቭ ሌ ዛቪኞን ነው። እሑድ ደግሞ ሊል ሱር ላ ሶርግ። ካርፓንትራም እሑድ ገበያ አላት፤ ከሊል ሱር ላ ሶርግ በመኪና ሩቅ ስላልሆነች ሁለቱን ማያያዝ ይቻላል።

ከፕሮቫንስ ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ፔዝናስ አለች። የአንቲክ ሱቅ የሞላባት ትንሽ ከተማ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት የመጀመሪያ እሑድና በጥቅምት ሁለተኛ እሑድ፣ መንገዱ ሁሉ ገበያ ይሆናል። ባርዣክ የምትባለው፣ «ጋር» በሚባለው አውራጃ ያለች መንደር ደግሞ በፋሲካና በነሐሴ አጋማሽ ነው የምትደምቀው። የወሩ ስሞች እንደ ፈረንጆቹ ካላንደር ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት የማዘጋጃ ቤቱን ወይም የቱሪስት ቢሮውን ገጽ ማየት አትርሱ። በበዓል፣ በመንገድ ሥራ ወይም በከተማ ዝግጅት ምክንያት ቦታና ቀን ይቀያየራል።

ሁሉም ሰው ሊል ሱር ላ ሶርግ ይላል። ያን ያህል ነው?

አዎ፣ ነው። ከአቪኞን በስተምሥራቅ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። የሶርግ ወንዝ ተከፋፍሎ በመሃሏ ያልፋል፤ አረንጓዴ የለበሱ ትልልቅ የውሃ መንኮራኩሮች እስከዛሬ ይሽከረከራሉ። በዚህች ትንሽ ከተማ 300 የሚደርሱ የአንቲክና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች አሉ ይባላል። አብዛኞቹ «የአንቲክ መንደር» በሚባሉ ግቢዎች ውስጥ ተሰባስበዋል። በአንድ በር ገብታችሁ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየተላለፋችሁ ጠዋቱ ያልፋል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን መንደር መጀመሪያ ብታዩት ለእግራችሁም ይቀላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቀኑ ላይ ነው። መንደሮቹና ሱቆቹ በደንብ የሚከፈቱት ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ነው፤ አንዳንዶቹ አርብም ይከፍታሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሄደ ሰው የሚያገኘው የተዘጋ በርና ጥሩ ቡና ነው። እሑድ በወንዙ ዳር ተራ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘረጋሉ፣ ከምግብ ገበያውም ጋር ይደባለቃል። ይህ ሲያምር ያምራል፣ ሲጨናነቅም ይጨናነቃል። በመኪና የምትሄዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ማቆሚያ ፍለጋ ትዞራላችሁ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካ ሰሞንና በነሐሴ 15 አካባቢ፣ ትልቁ የአንቲክ ትርዒት አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው። ያኔ ከየአገሩ ነጋዴ ይመጣል፣ ምርጫው ሰፊ ይሆናል፣ ሆቴል ግን ከወራት በፊት ያልቃል፣ ዋጋውም ቅንጣት አይቀንስም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ተራውን እሑድ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወደ ሱቆቹ ተመለሱ። ሕዝቡ ሄዷል፣ ነጋዴው ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ አለው።

የባቡር ቲኬት ስትገዙ የጣቢያው ስም «ሊል ፎንቴን ደ ቮክሉዝ» ነው። ሰሜን ፈረንሳይ ካለችው ትልቋ ሊል ጋር እንዳታምታቱት፤ ሌላ ጫፍ ነው።

ብሮካንት፣ ቪድ ግርኒዬ፣ ፑስ፣ አንቲኬር... ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዋጋውን የሚወስነው ይኼ ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል።

ቪድ ግርኒዬ ተራ ሰዎች ቤታቸው የተከማቸውን አውጥተው የሚሸጡበት ነው። ሕጉ አንድ ግለሰብ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ የሚሸጠውም የራሱ ያገለገለ ዕቃ ብቻ መሆን አለበት። የልጅ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የድሮ መጫወቻ፣ ከመሃሉ ደግሞ የአያት የብር ማንኪያ። ርካሹ ዋጋ እዚህ ነው፤ ብዙ ነገር በ1፣ በ2፣ በ5 ዩሮ ይሄዳል። የሚረባ ነገር ለማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የት መቼ እንዳለ ብሮካብራክ የሚባል ድረ ገጽ በየአውራጃው ይዘረዝራል።

ብሮካንት ላይ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ዕቃውን መርጦ፣ ጠርጎ፣ ዋጋ አውጥቶ ነው የሚያቀርበው። አንቲኬር ደግሞ ሱቅ ያለው፣ ስለሚሸጠው ዘመን የሚያውቅ፣ ዋጋውም የከበደ ነው። ፑስ የሚባለው የቁንጫ ገበያ ከሁሉም የተደባለቀ ነው። የማርሴይ ትልቁ ፑስ በሰሜናዊው የከተማው ክፍል ነው፤ እሑድ ጠዋት ይጮሃል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግዳ አይሆንም፤ ቦርሳውን ግን ፊት ለፊት ያንጠልጥል።

አንድ የሚረሳ ቦታ አለ፦ ኤማዩስ። በ1949 አቤ ፒዬር የሚባሉ ቄስ የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሰው የሰጣቸውን ዕቃ አድሰው ይሸጣሉ። የቤት ዕቃ፣ ሳህን፣ መጽሐፍ፣ አንሶላ በጣም በተመጣጠነ ዋጋ ይገኛል። የሚከፍቱበት ቀንና ሰዓት ውስን ስለሆነ አስቀድሞ ማየት ነው።

በአቪኞን፣ በሞንፔሊዬና በቤዚዬ ኤግዚቢሽን ማዕከላት የሚደረጉ ግዙፍ የጅምላ ገበያዎችም አሉ። እነዚያ ለነጋዴ ናቸው። የንግድ ፈቃድ ከሌላችሁ እቅዳችሁን በእነሱ ላይ አትመሥርቱ።

የትኛው ወቅት ጥሩ ነው?

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ከዚያ መስከረምና ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ይበዛል፣ ግን ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ሆቴሉ ይወደዳል፣ ዕቃውም ለቱሪስት ተብሎ ዋጋው ከፍ ይላል። በብርዱ ወራት ቪድ ግርኒዬ ይጠፋል፤ ሱቆቹ ግን አሉ፣ ነጋዴውም ለድርድር ልቡ ክፍት ነው።

ሚስትራል የሚባለውን ነፋስ አትናቁት። ከሮን ሸለቆ ወርዶ ሲነፍስ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ብርጭቆና ሥዕል የሚሸጥ ነጋዴ በዚያ ነፋስ ድንኳን አይተክልም። የአየር ትንበያው ኃይለኛ ነፋስ ካለ የውጭውን ገበያ ትታችሁ ወደ ሊል ሱር ላ ሶርግ ሱቆች ሂዱ።

በስንት ሰዓት ልድረስ?

ለቪድ ግርኒዬ በጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው። ነጋዴዎቹ ራሳቸው በዚያ ሰዓት የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ሰው ካርቶኑን ገና ሳይከፍት ይገዛሉ። ጥሩው ነገር ያኔ ይሄዳል። ለብሮካንት 3 ሰዓት ይበቃል።

ከቀኑ 6 እስከ 8 ምሳ ነው። ይህን አክብሩ። ነጋዴዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ አይብና ወይን ዘርግተው አብረው ይበላሉ። አፉ ሞልቶ ያለን ሰው ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ መጨቅጨቅ የትም አያደርስም። «ቦናፔቲ» (መልካም ምግብ) ብላችሁ እለፉ፣ በኋላ ተመለሱ። ወደ መዝጊያው ሰዓት ደግሞ ከባድ ዕቃ መልሶ መጫን የሰለቸው ሰው ራሱ ዋጋ ይጥላል። ወንበር፣ መስታወት፣ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ የምትፈልጉ ከሆነ ያ ሰዓት የእናንተ ነው።

ዋጋ መከራከር ይቻላል? እንዴት?

ይቻላል፣ ግን የመርካቶውን አካሄድ አገር ቤት ትታችሁ ሂዱ። ግማሹን ብላችሁ ብትጀምሩ ሰውየው እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው፤ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ዋጋም አይሸጥላችሁም። ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ከሰበሰባችሁ ቅናሹ ትንሽ ሊጨምር ይችላል።

ከሁሉም በፊት ሰላምታ። «ቦንዡር» ሳይሉ ዕቃ ማንሳት እዚያ ትልቅ ነውር ነው። ለሴት «ቦንዡር ማዳም»፣ ለወንድ «ቦንዡር ሙስዩ»። ከዚያ ዕቃውን እዩ፣ ጠይቁ፣ «ሴ ኮምቢየን?» (ስንት ነው?) በሉ። ዋጋው ሲነገራችሁ ወዲያው አትቃወሙ። ዝም ብላችሁ ዕቃውን ገልበጥ አድርጋችሁ አስተውሉ። ከዚያ ለስለስ አድርጋችሁ «ቩ ፑቬ ፌር አን ፐቲ ዤስት?» በሉ። ትንሽ ልትቀንሱልኝ ትችላላችሁ ወይ ማለት ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የፈረንሳይኛ ኮርስ በላይ ገንዘብ ታተርፋለች። «አይ፣ የመጨረሻው ነው» ካላችሁ ደግሞ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አመስግኖ መሄድ ነው።

ስንጥቅ ወይም የተጠገነ ቦታ ካያችሁ አሳዩት እንጂ አታጣጥሉት። «ይሄ የተጠገነ ነው?» ማለትና «ይሄ እኮ የተሰበረ ነው» ማለት የተለያየ መልስ ያመጣል።

ካሽ ወይስ ካርድ?

ለቪድ ግርኒዬና ለመንገድ ገበያ ካሽ፣ ያውም ዝርዝር። ለ4 ዩሮ ሳህን የ50 ዩሮ ኖት ማውጣት ሻጩን ያናድዳል። ሱቆች ካርድ ይቀበላሉ። የፈረንሳይ ነዋሪ ለነጋዴ በካሽ መክፈል የሚችለው እስከ 1,000 ዩሮ ብቻ ነው። በውጭ አገር ግብር የሚከፍል ቱሪስት እስከ 15,000 ይፈቀድለታል፤ ያን ያህል ኪስ ውስጥ ይዞ ገበያ መግባት ግን ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

የእውነት አሮጌ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ነጋዴው ደረሰኝ ላይ የሚጽፈውን ቃል እዩ። በፈረንሳይ ይህን የሚገዛ የ1981 ድንጋጌ አለ። «ኤፖክ ሉዊ 15» (የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዘመን) ብሎ ከጻፈ ዕቃው በዚያ ዘመን ለመሠራቱ ዋስትና ሰጠ ማለት ነው፤ ውሸት ከሆነ በሕግ ይጠየቃል። «ስቲል ሉዊ 15» ካለ ግን የዚያን ዘመን መልክ ይመስላል ነው እንጂ ትናንት ተሠርቶም ሊሆን ይችላል። በአፉ «ኤፖክ» እያለ ወረቀቱ ላይ «ስቲል» የሚጽፍ ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀቱን እመኑ። ጠቀም ያለ ገንዘብ ስታወጡ ዘመኑ፣ የተሠራበት ነገርና የተጠገነ ከሆነ ጥገናው የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁ።

ብር ላይ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ከ1838 ጀምሮ የፈረንሳይ ብር ዕቃ ላይ የሚመታው ማኅተም የሚነርቫ ጭንቅላት ነው፤ ኮፍያ ያደረገች ሴት፣ ከጎን። አጠገቧ 1 ቁጥር ካለ ከሺህ 950 ንጹሕ ብር ነው፣ 2 ከሆነ 800። ሚነርቫ የለችም፣ ግን በአራት ማዕዘን ውስጥ 84 የሚል ቁጥር አለ እንበል። ያ በብር የተለበጠ ዕቃ ነው፤ ቁጥሩ ለልባጡ የዋለውን ብር በግራም የሚናገር ነው እንጂ የንጽሕናው መጠን አይደለም። የተለበጠ ማንኪያና ሹካ መጥፎ አይደለም፣ ክሪስቶፍል የሚለው ስም ያለበት በተለይ ይፈለጋል። የንጹሕ ብር ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

የእንጨት ዕቃ ከሆነ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ማዕዘኑ ላይ የተያያዘበት ጥርስ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ከሆነ በእጅ የተቆረጠ ነው። ሁሉም እኩል ከሆነ ማሽን ነው። ጀርባውንም እዩ፤ የድሮ አናጺ ግድግዳ ላይ የሚጠጋውን ጎን ለማለስለስ ጉልበቱን አላባከነም። ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ከሥሩ አዲስ ዱቄት መኖር አለመኖሩን አስተውሉ። ዱቄት ካለ እንጨት በሊታው ትል ገና ውስጥ ነው። ቤታችሁ ይዛችሁት አትግቡ።

የእኛ ሰው ሁልጊዜ ዓይኑ የሚያርፍባት አንዲት ሳንቲም አለች፦ የማሪያ ቴሬዛ ብር። ደቡብ ፈረንሳይ ባሉ የሳንቲም ጠረጴዛዎች ላይ ትገኛለች። ሁሏም 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያው ዓመት እየተመታች ወጥታለች። ስለዚህ 1780 የሚለው ጽሑፍ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። ክብደቷ 28 ግራም ትንሽ አለፍ የሚል ነው፤ ንጽሕናዋ 833 ከሺህ። የብሩን ዋጋ ከፈላችሁ አልተሸወዳችሁም። «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ በእጥፍ የሚሸጥላችሁን ግን ተሰናበቱት።

ምን ብገዛ ይጠቅመኛል?

በሻንጣ የሚገባ፣ የማይሰበር፣ እዚያው አካባቢ የተሠራ ነገር። የእኔ ምርጫ የተልባ እግር አንሶላ ነው። ድሮ ሙሽሪት ጥሎሿን ስታዘጋጅ ስሟን በቀይ ክር ትጠልፍበት ነበር። የጥንቱ አንሶላ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ስፌት አለው፤ የሽመና ዕቃው ጠባብ ስለነበረ ሁለት ጨርቅ ገጥመው ነው የሰፉት። እጃችሁ ላይ ከበድ፣ ቀዝቀዝ ይላል። ወደ ፀሐይ አንሡትና መሃሉን አስተውሉ፤ ሰው የሚተኛበት ቦታ ሳስቶ ከሆነ ይታያችኋል። «ሜቲስ» ካላችሁ ጥጥ የተቀላቀለበት ነው፣ ለመጋረጃ በጣም ይሆናል። ለኛ ሰው ገበታ ልብስም ጥሩ ነው፤ ወጥ ቢፈስበት በፈላ ውሃ ይታጠባል።

ሸክላና ፋያንስ (በሚያብለጨልጭ ቀለም የተለበጠ ሸክላ) የሚወዱ ከሙስቲዬና ከአፕት የመጣውን ይፈልጉ። ቫሎሪስ የምትባለው ከተማ ፒካሶ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ የሠራባት ናት። በዚያ ምክንያት ከተማዋ ውስጥ የተሠራ ማንኛውም ቀለም ያለው ማሰሮ ላይ የፒካሶን ስም የሚያነሳ ሻጭ አይጠፋም። ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ቫሎሪስ የተሠራ ተራ ዕቃ በራሱ ያምራል፣ ዋጋውም ልከኛ ነው።

የሪካርድ ቢጫ የውሃ ማንቆርቆሪያ በየጠረጴዛው አለ። ፖል ሪካርድ በስሙ የሚጠራውን የአኒስ መጠጥ በ1932 ማርሴይ ውስጥ ነው የጀመረው። ለስጦታ አይከብድም፣ የአካባቢውም ነው። ትልልቁ የአንዱዝ የአትክልት ማሰሮ ያምራል፣ ግን መኪና ለሌለው ሰው ዓይን ብቻ ነው የሚጠግበው።

ምን አልግዛ?

የዝሆን ጥርስ በፍጹም። በአውሮፓ ኅብረት ሕጉ በጣም ጠብቋል፤ ወረቀት የሌለው ዕቃ ድንበር ላይ ይወረሳል።

ቢጫ ቀለም የተቀባው የጥንት ማሰሮ፣ ላዩ ብቻ የሚያብለጨልጨው፣ ለዳክዬ ሥጋ ማስቀመጫ ነበር። ቤት ውስጥ በጣም ያምራል። የድሮው ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ግን ምግብ አታስቀምጡበት፣ ወጥም አትሥሩበት። የመዳብ ድስትም ውስጡ ቆርቆሮ ካልተለበጠ ለጌጥ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ ክታብ ወይም የታቦት ዕቃ የሚመስል ነገር ካያችሁ ልባችሁ እንደሚመታ አውቃለሁ። ሆኖም ረጋ በሉ። ብዙው ለቱሪስት ተሠርቶ በጭስና በቅባት እንዲያረጅ የተደረገ ነው። እውነተኛው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ገንዘብ አታውጡ። ፎቶና የሻጩን አድራሻ ይዞ ለኤምባሲ ማሳወቅ ይሻላል።

የኛን አገር የሚመለከት ነገር በሕጋዊ መንገድ አገኛለሁ?

ወረቀት ፈልጉ። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት መርከቦች የሚነሱት ከማርሴይ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ እዚያ የሠራ ፈረንሳዊ ሁሉ ለእናቱ ፖስት ካርድ ልኳል። ያ ፖስት ካርድ ዛሬ የአያት ቤት ሲጸዳ ገበያ ይወጣል።

ፖስት ካርድ ሻጮች ዕቃቸውን በረጅም ሳጥን፣ በካርቶን መለያ ከፋፍለው ነው የሚያስቀምጡት። መጀመሪያ የፈረንሳይ አውራጃዎች በቁጥር ይደረደራሉ። እነሱን እለፏቸውና ወደ ሳጥኑ መጨረሻ ሂዱ፤ «ኮሎኒ» (ቅኝ ግዛት) ወይም «ኤትራንዤ» (የውጭ አገር) ከሚለው መለያ ኋላ። እዚያም «አቢሲኒ» ካልተገኘ «ጅቡቲ» እና «ኮት ዴ ሶማሊ» (የጅቡቲ የቅኝ ግዛት ዘመን ስም) ውስጥ እዩ፣ ድሬዳዋና ሐረር እዚያ ይደባለቃሉ። ጀርባውንም አንብቡ። የፖስታ ማኅተሙና የእጅ ጽሑፉ ከሥዕሉ በላይ የሚስብ ጊዜ አለ።

የድሮ ጋዜጣ የሚሸጡትንም ጠይቁ። «ለ ፐቲ ዡርናል» የሚባለው የፓሪስ ጋዜጣ በ1898 አጼ ምኒልክን በአድዋ ጦርነት ላይ ባለቀለም ገጹ አውጥቷቸዋል። በብዙ ቅጂ የታተመ ስለነበረ አሁንም ይገኛል፤ ፍሬም ከገባለት ደግሞ ሳሎን ያደምቃል።

ስንት ቀን ይበቃኛል? የትስ ልደር?

ከአርብ እስከ ማክሰኞ ካላችሁ ጥሩ ነው። አቪኞን እደሩ። አርብ ድረሱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቪልነቭ፣ ከሰዓት ከተማውን እዩ፣ እሑድ ሊል ሱር ላ ሶርግ፣ ሰኞ ወይ ሱቆቹን መድገም ወይ ረፍት፣ ማክሰኞ ኤክስ። በየቀኑ ሆቴል የሚቀያይር ሰው ከዕቃው ጋር ሲታገል ገበያው ያመልጠዋል። ኒስን የግድ ማየት የሚፈልግ እሑድ ማታ ወደዚያ ይሂድና ሰኞ ጠዋት ኩር ሳሌያ ይገኝ፤ ከአቪኞን ግን በባቡር ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

ከፓሪሱ «ጋር ደ ሊዮን» ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አቪኞን የሚያደርሰው በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሻርል ደጎል ኤርፖርት ለሚያርፉ ከዚያው ከኤርፖርቱ ጣቢያ ወደ አቪኞን ቀጥታ ባቡር አለ፤ ፓሪስ መሃል መግባት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ የሸንገን ቪዛ በጊዜ ማመልከት አለባችሁ፤ በሙቀቱ ወራት ቀጠሮ ይጠፋል።

መኪና ልከራይ ወይስ ባቡር ይበቃል?

ከተማዎቹን ብቻ ከሆነ ባቡር ይበቃል። መንደር ለመንደር ቪድ ግርኒዬ ለማሳደድ ከሆነ መኪና የግድ ነው፤ እሑድ በጠዋት ወደ መንደር የሚሄድ አውቶቡስ የለም ማለት ይቀላል። በባቡር ስትመለሱ የሻንጣውን ልክ አስቡ። በፈጣኑ ባቡር የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ሻንጣው ከ70 በ90 በ50 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ወንበር ተሸክሞ መግባት ቅጣት ያመጣል።

የገዛሁትን እንዴት ልውሰድ?

ትንሽ ከሆነ በሻንጣ። ሳህን በአንሶላ ተጠቅልሎ መሃል ላይ፣ በቁመቱ ቆሞ ይግባ፤ ከተደራረበ ከሥር ያለው ይሰበራል። ጋዜጣና ፕላስተር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቢላዋና መቀስ የሚፈተሽ ሻንጣ ውስጥ እንጂ እጃችሁ ላይ አይሁን።

መካከለኛ ከሆነ ፖስታ ቤት ኮሊሲሞ የሚባለው አገልግሎት እስከ 30 ኪሎ ይወስዳል። የቤት ዕቃ ከሆነ ነጋዴውን ጠይቁት። የሊል ሱር ላ ሶርግ ነጋዴዎች ከአጓጓዦች ጋር ስለሚሠሩ ወደ አውሮፓም ወደ አሜሪካም ይልካሉ። ዋጋውን ግን ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ኢንሹራንስ መኖሩንም አረጋግጡ። 200 ዩሮ የተገዛ ቁም ሳጥን ለማድረስ ከዋጋው በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ በብዙ አገር ጉምሩክ በተለየ መደብ ስለሚታይ ዕድሜው የተጻፈበት ደረሰኝ አትጣሉ።

ቱሪስት ነኝ። ታክስ ይመለስልኛል?

ከገበያ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እርሱት። ሱቅ ከሆነ፣ ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነና ከአንድ ሱቅ ከ100 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ መጠየቅ ይቻላል። ፓስፖርት ያዙ። ወረቀቱን ኤርፖርት ያለው ፓብሎ የሚባል ማሽን ላይ ስካን ታደርጋላችሁ፤ ይህን ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት አድርጉት። የአንቲክ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ለአሮጌ ዕቃ በተለየ የታክስ አሠራር ስለሚሠሩ «አይመለስም» ቢሏችሁ እያታለሏችሁ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሐሳቤን ብለውጥ መመለስ እችላለሁ?

አትችሉም ብላችሁ ግዙ። በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ ያለው የ14 ቀን መመለሻ መብት በገበያና በትርዒት ላይ ለተገዛ አይሠራም። ደረሰኙ ላይ ውሸት ካልተጻፈ በስተቀር የእናንተ ነው። ለዚህ ነው ሜትር ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው፤ የቤታችሁን በር፣ የግድግዳውን ስፋትና የአሳንሰሩን ልክ ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ሳልገዛ ፎቶ ባነሳ ችግር አለው?

መጀመሪያ ጠይቁ። ካሜራ እያሳያችሁ «ዤ ፐ?» (እችላለሁ?) ማለት ይበቃል። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። የሚከለክሉም አሉ፣ በተለይ ውድ ዕቃ የያዙት፤ ፎቶው ሌላ ነጋዴ ጋር ዋጋ ለማወዳደር እንደሚሄድ ያውቃሉ።